የጉብኝት መርሐ ግብር

ባለፈው ሳምንት ነው፣
ቦጎታ ከሚሏት ከተማ የመጣች
እንግዳ ነበረኝ፤ ጉልበቷን ያመማት፣ ጥያቄ ያበዛች።
ጀልባው እስኪነሣ ያገሯን አወራች፦
"ተራራ አናት ላይ ነው አንዱ ቤተ ስኪያኑ፣
በሽቦ ገመድ ላይ፣ በመስኮት ሳጥን ውስጥ፣ ይወጣል ምእመኑ።
የወርቅ ቤት አለን፤ የጥንት ሰዎች ጌጥ ከመስታወት ኋላ፤
እሑድ እሑድ ደግሞ መኪና ይታገዳል፣ መንገዱ በሞላ
የብስክሌት ይሆናል።"
"እንግዲያስ ዘመድ ነን፤
ባሕር ዳርም ያደገች በፔዳል ነው" አልኳት፣ አብረን ሳቅን።
"አንተስ?" አለች ድንገት፣
"ከዚህ ሁሉ መሐል ዓይንህ የሚወደው?"
ብሮሹር ሰጠኋት።

ምን ላድርግ? ሥራ ነው።
ደረቴ ላይ ባጅ አለ፤ በባጁ ላይ ፎቶ፣ ፀሐይ የላሰው።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፌ በአንድ መንገድ፣ እንደ ጋሪ ፈረስ፣
ሳይነዱት ይሄዳል፣ ሳይጠሩት ሊመለስ፦
ቀን አንድ፣ ገዳማት። ቀን ሁለት፣ ጢስ ዓባይ። ከሰዓት ቤዛዊት፣
የንጉሡ ግቢ፣ ካሜራ ክልክል ነው።
ማታ ላይ ጉማሬ፣ ብቅ ካለ ምናልባት።

ዛሬ ግን እንግዳዬ
ከሰከላ መጣች፤ የእናቴ ታናሽ ናት፣ አክስቴ ባንቺአየሁ።
ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ስምንት ዓመት ያህል በእጆቿ ነበር የምታይ፤
ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ፋሻዋ ተፈቶ፣
አገኘኋት ቆማ፣ አንጋጣ ወደ ሰማይ።
በአንድ እጇ የዓይን ጠብታ፣ በሌላው ከረጢት፤
የእኔ ክፍያ ነው፣ ድንች ከነአፈሩ፣ ገና ያልጠረጉት።

ከየት ልጀምርላት? ስምንት ዓመት ለጾመ ምን ይቀርብለታል?
ፏፏቴው እንዳልላት፣ የካቲት ነው ወሩ፤ ውሃው በቦይ ተወስዷል፤
ከገደሉ አፋፍ የቀረችው ክር ናት፣ የሽማግሌ ጢም።
ደግሞስ ማን ያውቃል?
ያ የጎደለ ውሃ መብራት ሆኖ መጥቶ ከአልጋዋ በላይ፣
ሐኪሙ ሲገፈው ያን ሞራ ከዓይኗ ላይ፣
እሱ ይሆናል ያበራላት።
ታዲያ ጢስ ዓባይን ሳትሄድ አይታለች፤ እሱ ነው የመጣላት።

እኔ ይሄን ሳሰላ እሷ ቆማ ቀረች ከአንድ ሱቅ መስታወት ፊት፦
"ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ቀሚሱስ ያምርባት፤ ጭንቅላቷን የት ጣሉት?"
ዘንባባው ሥር ስንሄድ፣ ብስክሌት ባለፈ፣
አንገቷ ተከትሎት፣ እስኪጠፋ ድረስ አብሮት ከነፈ፤
"ስመጣ ስሰማው ጢንዚዛ መስሎኝ ነው፤ ለካስ ሰው ነው" አለች።
ሳቄን ሳልጨርሰው ወደ እኔ ዞረች፤
ጉንጬን ልትዳስስ እጇ ተዘረጋ፣
ትዝ አላት፤ መለሰች፤ አየች።
"ሸብተሃል፣ ልጄ፤
ድምፅህ ግን እስከ ዛሬ ሸብቶብኝ አያውቅም።"
የምለው አልነበረኝም።

ድልድዩ ላይ ወሰድኳት።
ብረቱን ተደግፋ ቁልቁል አየች ዓባይን፤
በለመደ ምላሴ "ርዝመቱ..." ብዬ ስል፣ በእጇ ከደነችው አፌን።
"ይሄ ነው?
ግሽ ላይ፣ ከደጃችን፣ እንስራ አዝዬ በአንድ እርምጃ የማልፈው?
እኛ ዘንድ ሕፃን ነው፤ ይድሃል በሣር ውስጥ፣ ገና ተደብቆ።
ማን አብልቶት ነው እንዲህ? ጣና ነው ያጠባው፣
ከሰው እጅ ላይ ወድቆ?"
ከዚያም አቀርቅራ በስሙ ጠራችው፤
በየትኛው ስሙ እንደሆን አልሰማሁም፤
አይሱዙ አለፈ።

ማኅበራችን ማታ የሚያስሞላን ቅጽ አለ፤ ሞላሁት።
የታየ ቦታ፦ አንገት የሌላት ሴት። የእኔ ሽበት። ድልድዩ፣ ሁለት ሰዓት።
አገር፦ ሰከላ።
ክፍያ፦ ድንች፤ ሰባት ኪሎ ይሆናል፣ አልመዘንኩትም።
የእንግዳ ስም፦
እዚህ ላይ ዘገየሁ። ያቺ የቦጎታዋ ትዝ አለችኝ መሰል፣
ብዕሬ ከስሙ መሐል ብድግ አለ፣
ጥቂት ባዶ ትቶ ዳግመኛ አረፈ፦
ባንቺ አየሁ።