ማን አለ ውስጡ?

አሞራ ገደል ላይ ጀልባ ሲራገፍ፣
የቆሮሶ ቅርፊት በቢላ ሲረግፍ፣
ኮሎኔል ዳንጊሶ፣ ከዘራው ጭኑ ላይ፣
ዓሣውን ትቶ ነው ወፎቹን የሚያይ።

«እየው» ይለኛል፣ «ያንን አባ ኮዳ፤
መላጣ ነው፣ ያስጠላል፣ ኮተታም እንግዳ።
ሲያርፍ ግን ተመልከት፦ ነፋሱን በፊቱ፣
እግሩን አስቀድሞ፣ ክንፉን ዝቅ በስልቱ።
እኔ መብረር የተማርኩ እዚች ድንጋይ ላይ ነው፤
የውጭ አገሩ መምህር የጨመረልኝ ቁልፉን ነው።»

እኔ ጥይት ጫኙ፣ ሃምሳ አለቃው ሎምባሞ፣
ሺ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እሰማዋለሁ ደግሞ።

ያኔ ሁሉም ለብቻው፣ ጀግና ነኝ እያለ፣
ወጥቶ ይቀር ነበር፣ ደመና እንደበላው እየተባለ።
እሱ ነው ያመጣው ጥንድ ሆኖ መውጣትን፣
አንዱ ፊቱን ሲያይ አንዱ ጀርባ መጠበቅን፣
ፀሐይን ጫንቃ ላይ አዝሎ መግባትን፣
ደግሞም፣ ሌላው የናቀውን፣
ከመነሣት በፊት የመካኒክ እጅ መጨበጥን፣
በግሪስ እንደተለወሰ።
«ብሎኑን ያጠበቀልህን ሰው ስም ሳታውቅ አትነሣ» ይል ነበር።

ደብተሩ በእርሳስ ነው፣ ጠርዙ የተበላ፤
መመሪያ ተባለ፣ ታተመ በኋላ፤
ጓድ በጓድ ወጣበት፣ ትውልድ ተማረበት፣
ሽፋኑ ላይ ስሙን ማንም ላይጽፍበት።
እኔም ቦምብ ጫንኩበት።
የት እንደወደቀ አልጠየቅሁም ያኔ።
እሱ ግን ይቆጥር ነበር፤ አይቻለሁ በዓይኔ፣
ማታ ማታ፣ ከደብተሩ ጀርባ፣ ጭረት ሲያሰምር።
የጣለው አውሮፕላን መስሎኝ ነበር።
ጡረታ ከወጣን ወዲያ ነው የነገረኝ፦
ጣሪያ ነው። ጭስ የሚወጣው የሣር ጣሪያ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰርገኛ ወረደ ወደ ሐይቁ ዳርቻ፣
ሚዜው በነጭ ሱፍ፣ ሙሽራዋ ጫማ በእጅ ብቻ።
ቪዲዮ ቀራጩ ልጅ ከሻንጣ ድሮን አወጣ፣
አሸዋው ላይ አስቀመጠው፣
እንደ ንብ ጮኸ፣ ተነሣ።
አባ ኮዳዎቹ ግር ብለው ሸሹ።
ኮሎኔሉ ቆመ፤ ከዘራው ወደቀ።

«ማን አለ ውስጡ?»

«ማንም» አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣
«ማንም የለበትም አባባ፤ አይስጉ።»

ዓሣ ሾርባችንን ጥለን ተነሣን።
ባጃጅ ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን፣
ብዙ ቆይቶ፦
«ታዲያ» አለኝ፣ «ጭረቱን ማን ያሰምረዋል?»

ፒያሳ ጋ ወረድን።
ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።