የመሪ ምርጫ

ሠላሳ አንድ ዓመት በዋይራራፓ ጋራ፣
ከበጎች ራስ በላይ ስትበትን ኖራ፣
ነጭ አቧራ ለብሳ ስትወጣ ስትወርድ፣
አንድ ቀን ሐኪሙ ዓይኗን አየና ሰጠ ፍርድ፤
"ዳር ዳሩ ጨልሟል" አላት፣ "ፈቃድሽን መልሺ።"
ናይሪ አልተከራከረችም። አለች ብቻ፦ "እሺ።"
ቃሉን ከአፏ ስሰማ ያ ነበር የመጀመሪያዬ፤
አክስቴ እሺ ስትል አላየሁም በዕድሜዬ።

በሐምሌ፣ በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲወቅጥ፣
"ያን የኮምፒዩተር በረራ አሳየኝ" አለች፣ "ልቀመጥ።"
መሪ ግን ያስፈልግ ነበር፤ ጆይስቲክ፣ የሚጨበጥ።

ፓልመርስተን ኖርዝ ካለው ትልቅ ሱቅ ጀመርን፤
ርካሹን፣ ባለ መብራቱን፣ ከካርቶኑ አወጣን።
ያዘችው። ወደ ግራ ገፋችው። ለቀቀችው።
ቀጥ ብሎ መሃል ቆመ። እንደገና ገፋችው።
"ሞላ ነው" አለች፤ "ሲሞላ እንጂ ሲጎድል አያውቅም፤
ብበርም ብቆምም ያው ነው፤ ብወድቅም አይነግረኝም።"
"ብዙ ሰው ይወደዋል" አለ ሻጩ ልጅ ካላም።
"ብዙ ሰው" አለች ናይሪ፣ "ከመሬት ተነስቶ አያውቅም።"

ሁለተኛው ፊልዲንግ ነበር፤ ልጁ ባሕር ኃይል ገብቶ
ከአልጋ ሥር የቀረ ዕቃ፣ አቧራውን ጠጥቶ።
ሞተር አለው ውስጡ፤ እውነት ነው፣ ይገፋል፣ ይመታል፤
ግን ጥርሱን ያፋጫል፤ የጋለ ላስቲክ ይሸታል።
ገና መሬት ላይ እያለን ያንዘፈዝፈው ጀመር።
"ይሄኛው" አለች፣ "ሁሉን ይፈራል፤
በሰላሙ ቀን ከጮኸ፣ በመውደቂያው ማን ያምነዋል?"
እናትየዋ ብስኩት አቅርባልን፣ ቀስ ብላ፣
"ልጄ ሌሊቱን በዚህ ነበር የሚያነጋው" ብላ
ዝም አለች።
ናይሪ ዕቃውን አንስታ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ፣
መልሳ ከአልጋው ሥር ከተተችው። "አትሽጪው በቃ።"

ሦስተኛው ከማስተርተን ውጪ፣ ከበያጁ ከቴቪታ ቤት፤
የቶንጋ ሰው ነው፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ትከሻው እንደ በሬት።
ብረቱን ራሱ ቆርጦ፣ በቀበቶ፣ በሁለት ሞተር የሠራው፤
ዋጋው የስምንት እናት በግ፤ እሱ ግን በዶላር ነው የጠራው።

ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ከፊሉስ ጨልሟል ቀድሞም፤
ሞተሩ ሲነሳ መሪው ጣቷ ውስጥ ገባ እንደ ደም።
ፍጥነት ሲጨምር ጠና፤ ስትዞር ከበዳት፤
እንደ እልኸኛ ወይፈን እጇን መልሶ ገፋት።
አፍንጫውን ቀና፣ ቀና፣ ደግሞ ቀና ስታደርገው፣
ሳሳ፤ ላላ፤ ከዚያ አንድ ነገር ከውስጡ ነዘረው፤
"ልወድቅ ነው" ብሎ በመዳፏ ሹክ አላት።
ስክሪኑ ገና ሳያሳይ፣ እኔ ሳላይ፣ እሷ ገብቷት፣
አፍንጫውን ዝቅ አደረገች።
ቴቪታ በእጁ የያዘውን ቁልፍ መሬት አስቀመጠ።

አሳረፈች። ሞተር አጠፋች። ነፋሱ ሲያልቅ
መሪው ወደፊት ዘንበል አለ፣ ዝልፍልፍ፣ ልቅቅ።
ሰውየው ደነገጠ፦ "ይቅርታ፣ ጉድለቱ ይሄ ነው፤
ሲጠፋ ይወድቃል። ሞላ ልጨምርና ቀጥ ላድርገው?"

"እንዳትነካው!"
ጋራዡ ውስጥ ያለችው ድመት ሸሸች።
"የቆመ አውሮፕላን መሪ እንዲህ ነው" አለች፤
"ነፋስ ነበር የያዘው፤ ነፋሱ ሄደ፤ ምን ይዞ ይቁም?
ሳይበር ደረቱን የሚነፋ መሪ አልገዛም።"

ስምንቱን በግ በልቤ ቆጠርኩ። እሷ ካርዷን አወጣች።

አሁን ሱፍ በምንለይበት ጠረጴዛ በአራት ብሎን ታስሯል፤
ማታ ማታ ሲያንቀጠቅጠው ግድግዳዬ ይነግረኛል።
ባለፈው ሐሙስ ድምፁ ጠፋ። ሄድኩ ሾርባ ይዤ፤
ስክሪኑ ጠቁሯል፤ ጣቶቿ እዚያው ናቸው። ቆምኩ ደንግጬ።
"አረፍሽ ወይ?" አልኳት።
"ቆይ" አለች፣ ዞር ሳትል፤
"ነፋሱ ገና አልወጣም ከእጄ።"