ቡሹ

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከሸምሱ ቆርቆሮ ቤት ጀርባ፣
በግቢያችን ጥግ፣ ከተከመረው አጠና አጠገብ፣
አንዲት ጀልባ አለች።
እውነቴን ነው፣ ጀልባ።
ሰው ባያምነኝ አልፈርድበትም፤
ከፒያሳ እስከ ባሕር ስንት ቀን እንደሚያስኬድ እኔም አውቃለሁ።

አባቴ ነው የሠራት፣ የባሕር ኃይል አናጢ የነበረው፣
ከምጽዋ መጋዝና መሮ ብቻ ይዞ የተመለሰው።
ላንጋኖ አወርዳታለሁ እያለ ሦስት ዓመት ጠረባት፣
ሰማያዊ ቀባት፣ በእናቴ ስም ጠራት፣
የጭነት መኪና ኪራይ እስኪሞላለት
እዚሁ አስቀመጣት።
እዚሁ ሃያ ሁለት ክረምት ዘነበባት።

ሐምሌ ሲገባ ያው ነው።
ሸራው መሐሉ ላይ ይረግባል፣ እንደ እርጉዝ ላም ይንዘረጠጣል፣
ዝናቡን ይቋጥራል፣ ይቋጥራል፣
አንድ ሌሊት ይተረተራል።
ጠዋት ጀልባዋ እስከ አፏ ሞልታ
የልጆች ኳስ ተንሳፎባት ይገኛል።
ሸምሱ መዶሻውን አስቀምጦ በአጥር ይገጥማል፦

«በባሕር ሳትሰጥም በየብስ ሰጠመች፣
በርሜል ሁኚ ቢሏት ጀልባ ነኝ እያለች።»

አባቴ አይስቅም። በጣሳ ይቀዳል።
በኋላዋ በኩል፣ ከታች፣ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አላት፣
በቡሽ የተወተፈች።
«ነቅለኸው ይፍሰስ» ስንለው
«ቡሽ የሌላት ጀልባ ምኗ ጀልባ ነው?
ተወትፋ ነው የምታድረው። እንዲያ ነው የተማርነው»
ይልና ይደግማል፣ ወገቡን ይዞ፣
ውሃውን እንደ ምርኮኛ እየቆጠረ።

ግንቦት ላይ እሱ አረፈ።

በሰኔ ሚካኤል በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ጣሳውን አንሥቼ ወጣሁ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
አርባ ሦስት ላይ ጣሳውን ወረወርኩት።
እጄን እስከ ክርኔ ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ከተትኩ፦
ቅጠል፣ ደለል፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሕፃን ጫማ፣
ከሁሉም ሥር ቡሹ።
አልነቀል አለኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብጦ።
ሸምሱ ፒንሳ ይዞ መጣ፣ ሳይገጥም፤
ተጋግዘን ነቀልነው።

ቀዳዳው መጀመሪያ ዝም አለ፤
ቀጥሎ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አንድ ድምፅ አወጣ፤
ከዚያ ወረደ፣ ወረደ፣
በደጃፋችን ቦይ፣ በእሪ በከንቱ ቁልቁለት፣
ባንተ ይቅጡን ይዞ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ።
አዋሽም ባሕር አይደርስም፣ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣
በረሃ ላይ ይቀራል።
ይሁን። ከላንጋኖ ግን ይርቃል።

የቀረው ሥራ ነው።
አፍንጫዋን በሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አነሣናት፣ ኋላዋ ወደ ቦዩ እንዲያዘነብል።
ለሸራው እንደ ቤት ወራጅ አጋደምንለት፣
ዝናቡን ግራና ቀኝ እንዲጥል እንጂ እንዳያቅፍ።
ጎንና ጎኑን ክፍት ተውነው፤
ታፍኖ የደረቀ እንጨት የለም።
በካራ ጫፍ እየወጋሁ ሳንቃውን አንድ በአንድ ጠየቅኩት፤
የሚመልስልኝ ደኅና ነው፣
ዝም ብሎ የሚያስገባኝ በስብሷል።
«ትርሲት» ከሚለው ከመጀመሪያዋ ፊደል ሥር
ካራው እስከ እጀታው ገባ።
እዚያ ጋ ትንሽ ተቀመጥኩ።

እናቴ በመስኮት አየችኝ።
«ቀለም ልትቀቢ እንዳይሆን!
በእርጥቡ ከቀባሽው በሽታውን ነው የምትሸፍኚው።
ጥቅምት ይምጣ፤ መጀመሪያ ፀሐይ ትየው።»
ስለ ጀልባዋ አንድ ቃል ስትናገር
በዕድሜዬ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጳጉሜ ሦስት ነው፣ ሩፋኤል።
የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ዝናቡ ውስጥ ይጮሃሉ።
ሸራው ሥር ገብቼ ወለሏን በመዳፌ ዳበስኩ፦
ደረቅ። አቧራ እንኳ ይዟል።
ቡሹን በሲባጎ አሥሬ
ከመቅዘፊያው ጎን ሰቅዬዋለሁ፣ በሚታይ ቦታ፤
አባቴ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና
እንዳይጣላኝ።