ናናው የእኔ ነው

በግንቦት ሀሩር ላይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
ሸዋሮቢት መንገድ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣
ሰዒድ ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ፤
«ከላይ ተልኮልሻል!» ብሎ ጆንያ ደፋ።

ፖም ነው። የደጋ ፖም፣ ጉንጨ ቀይ፣ ጠንካራ፣
ጉዶበረት አድሮ ከውርጭ ጋር ሲያወራ፤
እንግዳወርቅ ቆጥሮ አፉን ያሰረበት፣
ደብዳቤ የሌለው፣ «እንዴት ነሽ» የሌለበት።

ባሌ ነው። ነበር ልበል? አልተፋታንም፤
እሱ ሙቀት አይችል፣ እኔ ብርድ አልችልም።
እዚያ ካፖርትና እሳት፣ እዚህ ማራገቢያ፣
መሃል ጣርማበር ነው፣ የዋሻው መግቢያ።
«ስንት ዓመት ሆናችሁ?» ብሎ ሰው ሲጠይቅ
እኔ ግንቦት ልቁጠር፣ የእሱን ውርጩ ይወቅ።

ፖሙን አጠብኩና ትል ያየውን ጣልኩኝ፣
በካሮት መፋቂያ ጣቴን ጭምር ፋቅኩኝ፤
በሻሼ ቋጥሬ ጀሪካን ላይ ጨመቅኩ፣
ጌሾ አላስነካሁም፣ እርሾም አልጨመርኩ።
ፖም ራሱን ያውቃል፣ ብቻውን ይፈላል፤
ሁለት ሳምንት ቢተውት ጥግ ይዞ ያጉረመርማል።

(ክዳኑ ላላ ይበል። አምና አጥብቄ ዘግቼ
ሌሊት ሲፈነዳ፣ ከእንቅልፌ ዘልዬ ወጥቼ
ባይ፣ ጎረቤቴ ሽብሬ «ተኩስ ነው!» ብላ
አልጋ ስር ተገኘች፣ ፍራሽ ተከልላ።
አይፈረድባትም፤ አይተናል ያንን ዓመት።
ሳቅን፤ ግን እስኪነጋ መብራት አልጠፋም ከቤት።)

ናናው ግን የእኔ ነው።
ከሮቶው በስተጀርባ፣ ቧንቧው ከሚያለቅስበት፣
ከአጣዬ ገበያ ሥሩን በላስቲክ ያመጣሁት፣
ያኔ አንዲት ዘንግ ነበር፤ አሁን አጥሩን ዘሏል፣
የሽብሬን ጎመን ከቧል፤
ቢቆርጡት አይሰማም፣ ቢረግጡት ይሸታል።
ታዲያ አይፈጭም፣ ልብ በሉ፤ ሲፈጭ ይመራል።
መዳፍ ላይ አድርጋችሁ አንዴ አጨብጭቡበት፤
ቅጠል ሲደነግጥ ነው ሽታ የሚወጣበት።

ከዚያ ግማሽ ሎሚ፣ ያውም የሮቢ ዳር፤
ከፍሪጁ ጥግ የተሸረፈ በረዶ፣ ሁለት ፍንካች፤
የፈላው ፖም ከላይ፣ ናናው ደግሞ ከታች፤
አምቦ ውሃ ለፉጨት።

ማሾ ሽጦ የመጣ «ቢራ!» እያለ ይገባል፣
ይቺን ሳቀርብለት «የልጅ ነው» ብሎ ይስቃል፤
ሦስተኛው ላይ ሲደርስ በሩ የት እንደሆነ ይጠይቃል።
ለሰዒድ ያልፈላውን፤ እሱ አይጠጣም፣
ናና ግን እፍኝ ሙሉ ቢሆን አይቆጣም።

በየዓመቱ አንድ ጠርሙስ በቡሽ እደፍንና
እሰዳለሁ ዳገት፣ በሰዒድ ጋቢና።
ጠርሙሱ ይመለሳል፤ ታጥቦ፣ ባዶ፣ ዝም ብሎ።

ዘንድሮ አልተመለሰም።
ጋቢናው ተከፈተና፣ ካፖርት ክንዱ ላይ ጥሎ
ሰውየው ራሱ ወረደ።
ሸብቷል። አንገቱ ላይ የደጋ ፀሐይ አለ።
ወንበር ሳብኩለት።
«ሙቀት ነው» አለ።

ብርጭቆው ላበ። እሱም ላበ። ጠጣ።
ከከንፈሩ ላይ አንዲት ቅጠል አወጣ፣
አገላብጦ አያት፣ እንደ ሐሰተኛ ብር፤
«ፖሙስ ጥሩ ነው» አለ፣ «ናናው ባይበዛ ነበር።»

መልስ አልሰጠሁትም።
ባዶውን ብርጭቆ በጣቱ ገፋ ሲያደርግልኝ
እፍኝ ናና ጨመርኩ።
«ወደ ላይ የሚሄደው አውቶብስ ስንት ሰዓት ነው?» ሲለኝ
በረዶ እየሸረፍኩ ነበር፤
አልሰማሁም።