ያላለቀው ጉድጓድ

እኔ ነኝ ጸሐፊዋ የሃርለን ቤንድ መንደር፣
ቅጹን የሞላሁት በሚሲሲፒ ዳር።
«ስንት ነው ሕዝባችሁ?» ሁለት መቶ ዐሥራ ስምንት።
«ስንቱ ምድር ቤት አለው?» ዜሮ አሰፈርኩበት፤
«ውሃው ቅርብ ነው» ብዬ በጠባቧ መስመር፣
«አንድ ክንድ ሲቆፈር ይፈልቃል ከምድር፣
ቤታችን ቆርቆሮ፣ መቆሚያውም ጎማ...»
ቦታው አለቀብኝ፤ ማን ይህን ሊሰማ።

«ከአራት እጅ ሦስቱን መንግሥት ይሸፍናል፣
አንዷን እናንተ አምጡ።» አንድ እጅ ቀላል ይመስላል!
ዓሣ ጠብሰን ሸጥን፣ ሳህኑን በስምንት፤
ኦዴሳ ፕሩዊት ብርድ ልብስ ሰፍታ ዕጣ አወጣንበት፤
ኤልሮይ ታንክስሊ እንኳ፣ ልቡ በባትሪ የሚመታ፣
ዐሥር ዶላር ያመጣ ነበር በየማክሰኞው ማታ፣
«እኔስ አልደርስበትም፣ ለልጆቹ ነው» እያለ፣
ሳንቲሙን ሳይቀር ቆጥሮ፣ ደረሰኝ እየተቀበለ።

ክርክሩስ ብትሉ!
ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ይሁን ወይስ ወዲያ?
ቁልፉ ፓስተሩ ጋ ይደር ወይስ ነዳጅ ማደያ?
ውሻ ይገባል አይገባም? ሲጋራስ ይጨሳል ወይ?
ሁለት ክረምት ተሟገትን፤
ቃለ ጉባኤ አያነብም ሰማይ።
በስተመጨረሻ «ወዲህ» አልን፣ በአንዲት ድምፅ ብልጫ፤
ሚያዝያ ሲገባ መጣ መቆፈሪያው ቢጫ፤
ሁለት ቀን ቆፍሮ ቆመ። ጠፋ መለዋወጫ።
ጉድጓዱ ዝናብ ጠጣ፤ እንቁራሪት ሰፈረበት፤
የሉርሊን ልጆች የወረቀት ጀልባ ለቀቁበት።
እኔም «የሥራው ደረጃ» በሚለው ሣጥን ውስጥ
«ዐሥራ ሁለት በመቶ» አልኩ፣ ሌላ ምን ልምረጥ።

ሐሙስ ሌሊት ነበር። ሳይረኑ አልጮኸም፤
ለምን እንዳልጮኸ ዛሬም አልታወቀም።
«እንደ ባቡር ነው» ይላሉ። እኛ ባቡር እናውቃለን፣
በትራሳችን ሥር እያለፈ ተኝተን ያደግን።
ባቡር ያልፋል።
ይህ አላለፈም።
በመብረቅ ብልጭታ ጥዶቹ ሲነቀሉ አየሁ፣
ጆሮዬ ተደፈነ፣ የራሴን ጩኸት አልሰማሁ፤
ኤልሮይ በካልሲ ቆሞ፣ በባትሪው መብራት ሲጠቁም፣
ቃሉን ከከንፈሩ አነበብኩ፤ ጉድጓዱን ነው፣ ሌላ የለም።

ሠላሳ አንድ ሰው ወረድን፣ ፊታችንን በጭቃ፣
አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ እንደ ተጣለ ዕቃ፤
በላያችን ሄደ፦ በር፣ ፍሪጅ፣ የፖስታ ሣጥን፣
የቤተ ክርስቲያኑ ፒያኖ፣ አንዲት ድምፅ ብቻ ሰጥቶን።
ዝም ሲል፣ ከደረቴ ላይ፣ ውሃ እስከ አገጯ ድረስ፣
የሉርሊን ትንሿ ልጅ «ጀልባዬን ረገጥሽው» ስትል፣ ስትወቅስ።

ጣራው ከዳ፣ ግንቡ ሸሸ፣ ጥዱም አላስጠጋ፤
ጉድ በመጣ ሌሊት ጓድ የሆነን፣ እስኪነጋ፣
ስሙ ውስጥ ሁለቱንም ይዞ የኖረው ነው፤
ጉድጓድ ብለን ስንጠራው መች ልብ ብለነው።

ከሐዲዱ ወዲያ ግን ስድስት ሰው አልደረሰም።
ኦዴሳ ከነወንበሯ። እግሯ አይታዘዛትም።
ብርድ ልብሱ ተገኘ፣ ሽቦ ላይ፣ ሦስት ማይል ርቆ፣
ስፌቱ አንድም ሳይፈታ፣ ሰማያዊው ብቻ ለቆ።
ያቺ ያሸነፈችው ድምፅ፣ የእኔ ድምፅ ነበረች፤
እጄ ያኔ እንደ ወጣች እስከ ዛሬ አልወረደች።

መርማሪው ከጃክሰን መጣ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤
«ይህ መጠለያ አይባልም» አለ፣ ጭቃውን ሳይነካ።
እውነቱን ነው።
አይባልም።

ዛሬ ቅጹ ተመለሰ፣ አዲስ፣ ከነፖስታው፤
ቀለሙ ተለውጧል፣ ጥያቄው ግን ያው።
«ስንት ነው ሕዝባችሁ?»
ስሞቹን አንድ በአንድ ጠርቼ፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩት፦
ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት።