የአባቴ ገራባ

ድሬ ግንቦት ገብቷል፤ አስፋልቱ ይቀልጣል፤
ደቻቱ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ መች ይመጣል።
ከቀፊራ ጓሮ፣ ከባትሪ ቤቱ በር
አባቴ ቁጭ ይላል ከአሲድ ጋር ሲማከር።
የሞተ ባትሪ ነው ያሳደገን እኛን፤
ሆዱን ይከፍትና ያወጣል እርሳሱን።
ያጠበበት ውሃ፣ ከቱቦው ወራርዶ፣
ይሄዳል ወደ ታች፤ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ሄዶ፣
ከጉድጓዳችን ይደርሳል፣ በአሸዋ ተጋርዶ።

ከሰዓት፣ የአወዳይ መኪና አጓርቶ ሲገባ፣
ቅጠሉ ለጉንጩ፣ ለፍየል ገራባ።

«አባ፣ እጅህ ምን ሆነ?» ስለው፣ «ዕድሜ» ይላል፤
ሻዩ ከብርጭቆው ሽርጡ ላይ ይፈሳል።
ዕድሜ አይደለም። አውቃለሁ። ብልቃጥ ነው የማጥበው፣
ግን ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ ነው የማነበው።

መምህርት ፊርዶሳ በጀቱን ታውቃለች፤
«ከውጭ የሚመጣው ከሰል ዶላር ነው» ትላለች፤
የኛ ትምህርት ክፍል ክብሪት ቆጥሮ ይጭራል፣
ስለዚህ መድኃኒት ከቆሻሻ ያስሳል።
የባቢሌን ለውዝ ቅርፊቱን ፈጨነው፤
የብርቱካን ልጣጭ አድርቀን ሰለቅነው፤
ያዘ፤ ደግሞ ለቀቀ፣ እንደ ሕፃን መዳፍ።

አንድ ቀን አመሻሽ፣ ከቤታችን ደጃፍ
ከጎረቤት ፍየል ጆንያ ተጓተትኩ፤
በቀንድ ተመታሁ፤ እየሳቅሁ ነጠቅኩ።
አጠብኩት፣ አሰጣሁት፤ ፀሐይ ነው ያለን፤
ለማድረቅ ከሆነ ድሬን ማን ሊያህለን!
በተከደነ ጣሳ አከሰልኩት ቀስ ብዬ፣
በወንፊት ነፋሁት አፍንጫዬን ከልዬ።
አንዲት ማንኪያ ብቻ፣ ከአባቴ ውሃ ላይ
አድርጌ ቆምኩ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሲዞር ሲዞር ሳይ።

አጣራሁ። ለማሽኑ ሰጠሁት በጠብታ።
መምህርት ቁጥሩን አየች፤ ዝም አለች አንድ አፍታ፤
መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ ደግማ አየች፤
«ድገሚው» አለችኝ።
ደገምኩት።
ተቀመጠች።

ከመቶው እርሳስ ውስጥ ሰባቱ ነው የቀረ፤
ሌላው ከጥቁሩ ዱቄት ተቆራኝቶ አደረ።

ሮጬ ነገርኩት፦ «አባ፣ የጣልከው እንጨት
የደፋኸውን መርዝ ያዘው በሁለት ሰዓት!»
ሳቀ። ጥርሱ አረንጓዴ።
«ጎበዝ ረምዚያ። ታዲያ
መርዙን የያዘውን ዱቄት የት ልትደፊው ነው?»

ያን አላሰብኩም ነበር።
እስካሁን በጠርሙስ ነው፣ ክዳኑን አጥብቄ፣
«አይነካ» ብዬበት፣ ከመንገድ አርቄ።
በጉድጓዱ ላለው ወንፊት አገኘሁ ልበል፤
በደሙ ውስጥ ላለው ግን ምን ዓይነት ከሰል?

አሁን ገራባውን ለኔ ያስቀምጣል፤
የጆንያውን አፍ ሲያስር ገመዱ ያመልጣል።
ጣቴን ቋጠሮው ላይ አደርግለታለሁ፣
«ያዢው» ይላል፤ «ያዝኩት።»
ፍየሏ ከበሩ ማዶ
እንደ ቀማኛ ታየኛለች፤ አውቃለሁ።