ያልተለየ

ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ከግንፍሌ ድልድይ ሥር፣
በሚያዝያ ዝናብ ማግሥት፣ ውሃው ሲንደረደር፣
ጫማውን አወለቀ ጋሽ ልሳነወርቅ፤
«ውረጂ እንጂ» አለኝ፣ «ሣር አይታወቅም ከሩቅ።»

ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እሱ ላስቲኩን፣ ጠርሙሱን ገፍቶ
አንድ አረንጓዴ ዘንግ አሳየኝ፣ በሁለት ጣት አንስቶ።

«ይህች የፈረስ ጭራ፤
አበባ የማታውቅ፣ ፍሬም የማታፈራ፣
ዱቄቷን በትና በነፋስ የምትዘራ።
ፈረስ ሳይፈጠር ቀድማ ነበረች ቆማ፤
ስሙን ሰው ነው የለጠፈባት፣ ኋላ መጥቶ፣ እሷ ሳትሰማ።»

ሌንሱን ከአንገቱ አወጣ፣ በጫማ ክር የታሰረ፤
«ቁጠሪ» አለኝ፣ «ጥርሷን፣ በአንጓዋ ዙሪያ የተደረደረ።
ግን አትቸኩዪ፤ ጥርስም ይረግፋል፤
የረገፈበትን ያላየ፣ ሁለት ብሎ ይጽፋል።
በጥፍርሽ ፈተግ አድርጊያት፣ እንደ ሞረድ ትሻክራለች።
ውስጧ ባዶ ነው። ባዶውን ለኪው፤
ባዶም መጠን አለው፣ ዝም ብለሽ አትለፊው።»

እኔ ደግሞ ቸኩዬ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
ሌላ አነሳሁ፦ አንጓ ያለው፣ ጥርስ ያለው፣ ቀጭን እንደ ክር።
«ሌላ አገኘሁ!»
ሳቀ። ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፤
ከራሳችን በላይ ሸውሸዌው በነፋስ ያፏጭ ነበረ።
«ዛፉ ነው የጣለብሽ። ከላይ የወረደው ሁሉ
ከመሬት የበቀለ አይምሰልሽ፤ ስንቱን አሳተው ቅጠሉ።
ዝምድና የላቸውም፣
መልክ ነው የተዋሱት፤ ሰፈር ነው ያገናኛቸው።»

ከዚያ ግን የምር ሁለት መጡ፤
አንዷ ቀጥ ያለች፣ መላጣ፣ ቅርንጫፍ የናቀች፣
አንዷ ከየአንጓዋ ጎፈሬ አውጥታ የተንጨባረረች።
«ሁለት ዓይነት!» አልኩ።
«ይሆናል» አለ፣ እንደማይሆን ነገር።

ማዶ ሰላጣ የምታጥበው ብርዛፍ ቀና ብላ
«ምን ወደቀባችሁ?» አለችን። አሳየናት።
«ይሄማ የድስት መፈግፈጊያ ነው!
ጎፈሬውም መላጣውም ያው ነው፤ ጥቀርሻ ያስለቅቃል።»
ጋሽ ልሳነወርቅ ደብተሩን አውጥቶ ቃሏን ጻፈ፣ ከነስሟ።

ማታ በጋዜጣ መሃል ተጫኑ።
ከግርጌው ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣
ቦታ፦ ግንፍሌ። ቀን፦ ሚያዝያ አሥራ ሁለት።
ስም፦ ያልተለየ።
«ክረምቱ ይውጣና እንቆፍራለን» አለኝ፤ «ሥር ሳያዩ መለየት
ሐሜት ነው።»

ክረምቱ ሳይወጣ፣ በነሐሴ፣ ባላሰብነው ሌት፣
እሱ ተለየ።

ለዕፅም ለሰውም አንድ ግሥ ነው ያለን።
ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነው ይህ የገባኝ፣
ድንኳኑ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣
አንዲት ሴት «ተለየን» ስትል፣ እኔ ሌንሱን በኪሴ ይዤ።

ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ወንዙ ዳር ሊነጠፍ ድንጋይ
ኤክስካቫተር መጣ። አፉ ገደሉን ሲገምጥ ቆሜ ሳይ፣
ጥቁር፣ ጸጉራም፣ ረጅም ሥር ተንጠለጠለ ከአፈሩ፤
መላጣዋም ባለጎፈሬዋም በእሱው ላይ ነበሩ።
«ቁም!» ብዬ ጮህኩ በኦፕሬተሩ።
ሞተሩን አጠፋ። «ምን ተገኘ? ወርቅ?»
«አንድ» አልኩት።
ራሱን ነቅንቆ አስነሣው።

አሁን ፎልደሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቷል።
ስሟን አውቃለሁ። እርሳስ አለ፣ ላጲስም አለ።
«ያልተለየ» የሚለውን ላጠፋ እጄን ሳሳርፍ
ከደረቀው አንጓ አንዲት ጥርስ ረገፈች።
በፖስታ ከተትኳት።

ከታች፣ በትንሹ፣ ጻፍኩ፦
ሥሩ ታይቷል። አንድ ናቸው። ብርዛፍ ታውቅ ነበር።

የእሱን ቃል እንዳለ ተውኩት።